ምልክቱ ለምን ይገለበጣል?

ጥያቄ፦ «ቀን እየሠራሁ ማታ 9ኛ ክፍል እማራለሁ። ኢንኢኳሊቲ ላይ ስደርስ ነገሩ ተወሳሰበብኝ። −3ሀ + 4 ≥ 19 የሚለውን ስፈታ ሀ ≥ −5 አገኘሁ። የመጽሐፉ መልስ ግን ሀ ≤ −5 ይላል። መምህራችንን ስጠይቀው ‹በኔጌቲቭ ስታካፍሉ ምልክቱ ይገለበጣል፣ ሕጉ ነው› አለን። ለምንድን ነው የሚገለበጠው? ግራፉም ያደናግረኛል። ክቡን መቼ ነው የምሞላው፣ መቼ ነው ባዶውን የምተወው? ሁለት ፊደል ያለበት ሲመጣ ደግሞ የትኛውን ወገን እንደማጠቁር ሁሌ ይምታታብኛል።»

መልስ፦

እህቴ፣ የሠራሽውን አንድ በአንድ አየሁት። ከሁለቱም ወገን 4 ቀንሰሽ −3ሀ ≥ 15 አገኘሽ። ልክ ነው። ከዚያ 15ን ለ−3 አካፍለሽ −5 አገኘሽ። እሱም ልክ ነው። የተሳሳተው የምልክቱ አቅጣጫ ብቻ ነው። «ሕጉ ነው» የሚለው መልስ አላረካሽም፤ ሊያረካሽም አይገባም። ሕጉ ምክንያት አለው። ምክንያቱን ለመረዳት ደግሞ ከመደመርና ከመቀነስ ያለፈ እውቀት አያስፈልግም።

መጀመሪያ ግን ያለእኩልነት (ኢንኢኳሊቲ ያልሽው) ምን እንደሚጠይቅሽ እንይ። 2ሀ + 1 = 9 የሚል እኩልታ ሲሰጥሽ መልሱ አንድ ቁጥር ነው፤ 4። አሁን የእኩል ምልክቱን አንስተን 2ሀ + 1 > 9 እንበል። 5 ይሆናል? 2 × 5 + 1 = 11፣ ከ9 ይበልጣል፣ ስለዚህ ይሆናል። 100ም ይሆናል። 4.1ም ይሆናል፤ 9.2 ይሰጣል። 4 ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም 9 ከ9 አይበልጥም። መልሱ ከ4 የሚበልጡ ቁጥሮች በሙሉ ናቸው። ተዘርዝረው አያልቁም። ስለዚህ እዚህ ጥያቄው «ሀ ስንት ነው?» ሳይሆን «የትኞቹ ቁጥሮች ይሆናሉ?» ነው። ግራፍ የምንሥለውም ለዚህ ነው። ተቆጥሮ የማያልቀውን መልስ በአንድ ጊዜ ለዓይን የሚያሳየው እሱ ነው።

ይህን ይዘን ወደ አንቺ መልስ እንመለስ። ሀ ≥ −5 ካልሽ 0 መልሱ ውስጥ ገባ ማለት ነው፣ ከ−5 ይበልጣላ። በዋናው ጥያቄ ውስጥ 0ን አስገቢ። −3 × 0 + 4 = 4። 4 ≥ 19 ነው? አይደለም። መልሱ እዚሁ ላይ ወደቀ፤ ለዚህ ምንም ሕግ ማስታወስ አላስፈለገሽም። አሁን በሌላው ወገን ያለውን −6 ሞክሪ። −3 × (−6) = 18፣ ሲደመር 4፣ 22። 22 ≥ 19 እውነት ነው። ድንበሩን ራሱን −5ንም ሞክሪው፤ 15 + 4 = 19፣ ሁለቱ ወገኖች እኩል ሆኑ።

እነዚህን ሁለት ፈተናዎች ልብ በይ፤ ምዕራፉ እስኪያልቅ ያገለግሉሻል። የድንበሩን ቁጥር በዋናው ጥያቄ ውስጥ ስታስገቢ ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለባቸው። እኩል ካልሆኑ የስሌት ስህተት አለ። ቀጥለሽ ደግሞ ከድንበሩ ወዲህ ወይም ወዲያ ያለ አንድ ቁጥር ታስገቢያለሽ። እውነት ከሆነ ያ ወገን መልሱ ነው፤ ሐሰት ከሆነ መልሱ በተቃራኒው ነው። የመጀመሪያው ስሌቱን ይመረምራል፣ ሁለተኛው አቅጣጫውን። ያንቺ ሥራ የመጀመሪያውን አልፎ በሁለተኛው ወደቀ። የተሳሳትሽበት ቦታ በትክክል ታወቀ ማለት ነው።

አሁን ወደ «ለምን» እንግባ። አንድ ረዘም ያለ ወረቀት ቅደጂና የቁጥር መስመር ሥዪበት። መሃሉ ላይ ዜሮ፣ በቀኝ እስከ 8፣ በግራ እስከ −8። 2 እና 7 ላይ በደማቁ ነጥብ አድርጊ። 2 ከ7 በስተግራ ነው፤ ስለዚህ 2 < 7። ቀጥለሽ ወረቀቱን ልክ ዜሮው ላይ እጠፊው። 2 የሚያርፈው −2 ላይ ነው። 7 የሚያርፈው −7 ላይ ነው። ወረቀቱን ዘርግተሽ እነዚህን ሁለት አዲስ ቦታዎች ተመልከቺ። −7 ግራ ጫፍ አካባቢ ሄዷል፣ −2 ከዜሮ አጠገብ ቀርቷል። ከሁለቱ በስተግራ ያለው አሁን −7 ነው። ስለዚህ −2 > −7። ቁጥሮቹን የነካናቸው በአንድ መንገድ ነው፣ ቅደም ተከተላቸው ግን ተገለበጠ።

በ−1 ማባዛት ማለት ይኸው መታጠፍ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ከዜሮ ያለውን ርቀት ይዞ ወደ ተቃራኒው ወገን ይሻገራል። ሩቅ የነበረው አሁንም ሩቅ ነው። ግን በቀኝ ሩቅ መሆን መብለጥ ሲሆን በግራ ሩቅ መሆን ማነስ ነው። አንደኛው ቁጥር ኔጌቲቭ ቢሆንም ለውጥ የለውም። −4 < 3 ነው፤ እጠፊው፣ 4 > −3 ይሆናል።

ለ−3 ማካፈልስ? እሱ ሁለት ሥራ በአንዴ ነው፤ ለ3 ማካፈልና ማጠፍ። ለ3 ማካፈል ቁጥሮቹን ወደ ዜሮ ይሰበስባቸዋል እንጂ ማን ከማን እንደሚቀድም አይለውጥም። የሚለውጠው ማጠፉ ነው። መደመርና መቀነስ ደግሞ መላውን መስመር ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ያንሸራትቱታል፤ ሁሉም እኩል ስለሚንሸራተት ቅደም ተከተሉ እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ ምልክቱ በመደመር አይገለበጥም፣ በመቀነስ አይገለበጥም፣ በፖዘቲቭ ቁጥር በማባዛትም ሆነ ለፖዘቲቭ ቁጥር በማካፈል አይገለበጥም።

ወረቀቱ ካላሳመነሽ በፊደል እናረጋግጠው። ያንቺኑ ጥያቄ ለኔጌቲቭ ቁጥር ሳናካፍል እንፍታው።

−3ሀ ≥ 15

ሁለቱም ወገን ላይ 3ሀ እንደምር፦

0 ≥ 15 + 3ሀ

ከሁለቱም 15 እንቀንስ፦

−15 ≥ 3ሀ

ለ3 እናካፍል፦

−5 ≥ ሀ

ምልክቱን አንድም ጊዜ አልነካነውም። ከላይ እስከ ታች ≥ ነው። ግን ሀ ከግራ ወደ ቀኝ ተሻግሯል። «−5 ከሀ ይበልጣል ወይም እኩል ነው» ማለት «ሀ ከ−5 ያንሳል ወይም እኩል ነው» ማለት ነው። ሀን ወደ ግራ መልሰሽ ስትጽፊው ሀ ≤ −5 ይሆናል፤ የመጽሐፉ መልስ። መምህርሽ የነገረሽ ሕግ የእነዚህ ሦስት መስመሮች አቋራጭ ነው።

እንዲያውም ለጀማሪ የምመክረው አቋራጩን ሳይሆን ይህን ረጅሙን መንገድ ነው። ከሀ ፊት ያለው ቁጥር ፖዘቲቭ እንዲሆን ሀን ወደሚመቸው ወገን ውሰጂው። መገልበጥ የሚባል ጣጣ ውስጥ አትገቢም። መጨረሻ ላይ ሀ በቀኝ ሊቀር ይችላል፤ እሱን ከሀ ጀምሮ ማንበብ ትንሽ ልምምድ ነው የሚፈልገው።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፤ እሱን ሳልነግርሽ አላልፍም። ሕጉን በቃል የያዘ ተማሪ ኔጌቲቭ ባየ ቁጥር ይገለብጣል። 3ሀ ≥ −15 ስጪው፣ ሀ ≤ −5 ብሎ ይጽፍልሻል። እዚህ የተካፈለው ለ3 ነው። 3 ፖዘቲቭ ነው። −15 ኔጌቲቭ መሆኑ ከመገልበጥ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። መልሱ ሀ ≥ −5 ነው። ሀ + 7 < 2 ላይም እንዲሁ፤ 7 ስትቀንሺ ሀ < −5 ይመጣል፣ ምልክቱ እንዳለ ነው። ወሳኙ የምታካፍዪለት ወይም የምታባዢበት ቁጥር ነው። ሌላው ቢያሻው ኔጌቲቭ ይሁን።

ቅንፍ ያለበት አንድ ጥያቄ ከላይ እስከ ታች አብረን እንሥራ።

5 − 2(ሀ − 3) > 1

እዚህ ብዙ ነጥብ የሚጠፋው ቅንፉን ሲከፍቱ ነው። −2 ሁለቱንም ያባዛል፤ −2 ሲባዛ በሀ −2ሀ ነው፣ −2 ሲባዛ በ−3 ደግሞ +6 ነው።

5 − 2ሀ + 6 > 1

11 − 2ሀ > 1

10 > 2ሀ

5 > ሀ

ማለትም ሀ < 5። አሁን ሁለቱን ፈተናዎች እናድርግ። ድንበሩ 5፦ 5 − 2(5 − 3) = 5 − 4 = 1። በቀኝም 1 ነው፣ እኩል ሆኑ፣ ስሌቱ ትክክል ነው። ከዚያ 0ን እንሞክር፦ 5 − 2(−3) = 11፣ 11 > 1 እውነት ነው፣ 0 ደግሞ ከ5 በታች ነው፣ አቅጣጫውም ትክክል ነው። ቅንፉን ስትከፍቺ +6ን −6 ብለሽው ቢሆን ኖሮ መልስሽ ሀ < −1 ይሆን ነበር። −1ን በዋናው ጥያቄ ስታስገቢው 13 እና 1 ይመጣል። እኩል አይደሉም፤ ስህተቱ እዚያው ይጋለጣል።

ክፍልፋይ ሲመጣ አትደንግጪ። ታችኞቹን ቁጥሮች በጋራ በሚያጠፋ ፖዘቲቭ ቁጥር ሁሉንም አባዢና ቀጥዪ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፤ ሀ ራሱ ከታች ካለ፣ ለምሳሌ 6/ሀ > 2፣ በሀ አታባዢ። ሀ ፖዘቲቭ ይሁን ኔጌቲቭ ገና አላወቅሽም፤ ምልክቱ መገልበጥ እንዳለበትም አታውቂም ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ አሁን ከምትማሪው፣ መስመራዊ ከሚባለው ያለእኩልነት ውጭ ስለሆነ በኋላ ትደርሺበታለሽ።

አሁን ወደ ክቡ። ጥያቄው «ድንበሩ ላይ ያለው ቁጥር ራሱ ይሆናል ወይ?» ነው። ከሆነ ክቡን ሙዪው። ካልሆነ ባዶውን ተዪው። ባንቺ ጥያቄ −5 ስናስገባ 19 ≥ 19 መጣ። እውነት ነው፣ −5 መልሱ ውስጥ አለ፣ ክቡ ይሞላል። ጥያቄው > ቢሆን ኖሮ 19 > 19 ይመጣ ነበር፤ ሐሰት ነው፣ ክቡ ባዶ ይሆናል። በምልክቱም ትለዪዋለሽ፤ ከሥሩ ጭረት ካለ ይሞላል፣ ከሌለ ባዶ ነው። ያቺ ጭረት «ወይም እኩል» የምትለው ናት። የእኩል ምልክቱን = ዌልሳዊው ሮበርት ሬኮርድ እ.ኤ.አ. በ1557 አሳተመው። < እና > ታትመው የወጡት በ1631 ነው፤ በእንግሊዛዊው በቶማስ ሃሪዮት ሥራ፣ እሱ ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ። ሁለቱን በአንድ ላይ ያጣመረው ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌር ነው፣ በ1734። የእሱ ምልክት ከሥር ሁለት ጭረት ነበረው፤ ሙሉው የእኩል ምልክት ማለት ነው። ዛሬ በአንዷ ተወስነናል።

ያንቺ ጥያቄ በቁጥር መስመር ላይ ይህን ይመስላል፦

◄━━━━━━●──┼──┼──┼──┼──┼──►

የተሞላው ክብ −5 ነው። ከሱ በስተቀኝ ያሉት ጭረቶች በተራ −4፣ −3፣ −2፣ −1 እና 0 ናቸው። የደመቀው ክፍል መልሱ ነው። የግራው ቀስት «ይቀጥላል፣ አያልቅም» ይላል።

ባዶው ክብ ላይ አንድ ስህተት በተደጋጋሚ አያለሁ። ሀ > 4 ሲባል ተማሪው «4 አይሆንም፣ ስለዚህ ከ5 እጀምራለሁ» ብሎ 5 ላይ የተሞላ ክብ ያደርጋል። በ4 እና በ5 መካከል ያሉትን ረስቷል። 4.5 ይሆናል። 4.1 ይሆናል። 4.01 እና 4.001ም ይሆናሉ። ከ4 የሚበልጥ የመጀመሪያው ቁጥር የሚባል ነገር የለም፤ የቱንም ብትጠሪ ለ4 የበለጠ የሚቀርብ ሌላ አለ። ስለዚህ መስመሩን ልክ 4 ላይ እንጀምርና ክቡን ባዶ እናደርገዋለን። «እዚህ ድረስ ይጠጋል፣ እሱ ራሱ ግን የለበትም» ማለታችን ነው።

«የምልክቱ ሹል ወደሚጠቁመው ወገን አጥቁሩ» የሚል ዘዴም ይነገራል። እኔ አልወደውም። ሀ በግራ ሲሆን ይሠራል፤ 5 > ሀ ሲሆን ግን ሹሉ ወደ ቀኝ ይጠቁማል፣ መልሱ ያለው በግራ ነው። ሀን በግራ አድርገሽ መጻፍ ወይም አንድ ቁጥር መሞከር ይሻልሻል።

ፈተና ላይ በቃላት የሚመጡት ጥያቄዎች ብዙውን ሰው የሚያስቸግሩት ከስሌቱ በፊት ነው። «ቢያንስ 76» ሲባል ማነስ የሚለው ቃል ስላለ < የሚጽፍ አለ። ቢያንስ 76 ማለት 76 ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ≥። «ቢበዛ 23» ማለት 23 ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ≤። «ያልበለጠ» ≤ ነው፣ «ያላነሰ» ≥ ነው። «ከ5 ዓመት በታች» ሲባል ግን 5 ራሱ የለበትም፤ <። «18 ዓመት የሞላው» ሲባል 18 አለበት፤ ≥። ግራ ሲገባሽ የድንበሩን ቁጥር ያዥና «ይህኛው ይፈቀድለታል?» ብለሽ ጠይቂ።

እህትሽ ውጭ አገር አለች እንበል። በርበሬ ልትልኪላት ነው። ሻንጣው ከነዕቃው ቢበዛ 23 ኪሎ እንዲመዝን ተፈቅዷል። ባዶው ሻንጣ 4 ኪሎ ነው። አንዱ የበርበሬ ከረጢት 2.5 ኪሎ ነው። ስንት ከረጢት ይገባል?

4 + 2.5ሀ ≤ 23

2.5ሀ ≤ 19

ሀ ≤ 7.6

እዚህ ሂሳቡ አለቀ፣ ጥያቄው ግን አላለቀም። ከረጢት አይቆረስም፤ ስለዚህ 7 ነው። «7.6 ለ8 ይቀርባል» ብለሽ 8 ካልሽ ሻንጣው 24 ኪሎ ይሆናል፣ መዘኛው ላይ ያስመልሱሻል። 7 ሲሆን 21.5 ኪሎ ነው። ግራፉም ይለያል። ሀ እዚህ የከረጢት ብዛት ስለሆነ የተቀባ መስመር አትሥዪም፤ ከ0 እስከ 7 ስምንት ነጠላ ነጥቦች ታደርጊያለሽ። ሀ ምንን እንደሚወክል ሳታጣሪ ግራፍ አትጀምሪ። ኪሎ፣ ሜትር፣ ሰዓት ከሆነ መስመር ነው። ሰው፣ ከረጢት፣ ወንበር ከሆነ ነጥብ ነው።

ሌላም ልጨምር፣ ይኼኛው ለተማሪ ቅርብ ነው። በሦስት ፈተና 48፣ 61 እና 55 አምጥተሻል። የአራቱ አማካይ ቢያንስ 60 እንዲሆን አራተኛው ስንት መሆን አለበት? የሦስቱ ድምር 164 ነው።

(164 + ሀ)/4 ≥ 60

164 + ሀ ≥ 240

ሀ ≥ 76

ፈተናው ከ100 ከሆነ መልሱ 76 ≤ ሀ ≤ 100 ነው። በቁጥር መስመሩ ላይ 76 እና 100 ላይ የተሞሉ ክቦች፣ በመካከላቸው የደመቀ መስመር፣ ቀስት የለም። የሦስቱ ድምር 130 ቢሆን ኖሮ ሀ ≥ 110 ይመጣ ነበር። ከ100 በሚታረም ፈተና 110 ማምጣት ስለማይቻል 60 አማካይ እንደማይደረስበት ፈተናው ሳይመጣ ታውቂዋለሽ።

አሁን ሁለት ፊደል ወዳለበት እንሂድ። አንዲት ልብስ ሰፊ 12 ሜትር ጨርቅ አላት። ሸሚዝ 2 ሜትር ይወስዳል፣ ቀሚስ 3 ሜትር። የሸሚዙን ብዛት ሸ፣ የቀሚሱን ቀ እንበል።

2ሸ + 3ቀ ≤ 12

እዚህ መልሱ ቁጥር ሳይሆን ጥንድ ነው። 3 ሸሚዝና 2 ቀሚስ 6 + 6 = 12 ሜትር ይፈጃሉ፣ ይሆናል። 2 ሸሚዝና 2 ቀሚስ 10 ሜትር ነው፣ ይሆናል፣ 2 ሜትር ይተርፋል። 4 ሸሚዝና 2 ቀሚስ 14 ሜትር ነው፣ አይሆንም። እንዲህ ያሉ ጥንዶችን ለማስቀመጥ አንድ መስመር አይበቃም፤ አግድም ዘንግ ለሸ፣ ሽቅብ ዘንግ ለቀ ያስፈልገናል። በመጽሐፍሽ ኤክስ እና ዋይ የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ድንበሩም አሁን ቁጥር ሳይሆን ቀጥታ መስመር ነው። ≤ን ለጊዜው = አድርጊው፤ 2ሸ + 3ቀ = 12። መስመር ለመሣል ሁለት ነጥብ ይበቃል። ሸ ዜሮ ሲሆን ቀ 4 ነው፤ ነጥቡ (0፣ 4)። ቀ ዜሮ ሲሆን ሸ 6 ነው፤ ነጥቡ (6፣ 0)። ሁለቱን በማስመሪያ አገናኚ። ምልክቱ «ወይም እኩል» ስላለበት መስመሩ ያልተቋረጠ ይሆናል። < ወይም > ቢሆን የተቆራረጠ መስመር ትሥዪ ነበር። የተሞላውና ባዶው ክብ እዚህ በዚህ ተተኩ።

የትኛው ወገን ይጠቁር? መስመሩ ወረቀቱን ለሁለት ከፍሎታል። በአንደኛው ወገን ያሉት ጥንዶች በሙሉ እውነት ይሆናሉ፣ በሌላኛው ያሉት በሙሉ ሐሰት። ስለዚህ መስመሩ ላይ ያልሆነ አንድ ነጥብ መሞከር ይበቃል። ቀላሉ (0፣ 0) ነው። 0 + 0 ≤ 12 እውነት ነው። (0፣ 0) ያለበትን ወገን አጥቁሪ። ሸሚዝና ቀሚስ ከዜሮ በታች ስለማይሆኑ ደግሞ ከዘንጎቹ በላይና በስተቀኝ ያለው ሦስት ማዕዘን ብቻ ይቀርሻል፤ ከዚያ ውስጥም ልብሰ ሰፊዋ የምትወስደው ሙሉ ቁጥር የሆኑትን ነጥቦች ነው።

አንድ ወገን ሙሉ በሙሉ እውነት የሚሆንበት ምክንያትም ያው የቁጥር መስመሩ ነው። ሸ 3 ላይ ቆመሽ «ቀ»ን ብቻ ወደ ላይ ከፍ አድርጊው። 6 + 3ቀ ≤ 12፣ ቀ ≤ 2። ድንበሩ 2 ነው፤ ከሱ በታች እውነት፣ ከሱ በላይ ሐሰት። ሸ 0 ላይ ብትቆሚ ቀ ≤ 4 ይመጣል። ሸ 4.5 ላይ ቀ ≤ 1። ባለ ሁለት ፊደሉ ግራፍ እነዚህ ቋሚ መስመሮች ጎን ለጎን ሲደረደሩ የሚወጣው ምስል ነው። የድንበር ነጥቦቻቸው ተያይዘው ያንን ዘንበል ያለ መስመር ይሠራሉ።

የሚምታታብሽ «> ከሆነ ከላይ፣ < ከሆነ ከታች» ብለሽ ስለምትሄጂ ይመስለኛል። ይህ የሚሠራው ቀ ብቻውን በግራ ሲቀመጥ ነው። ይህን እዪ፦

3ሸ − 2ቀ > 6

> አለ ብለሽ ከላይ ብታጠቁሪ ተሳሳትሽ። ድንበሩ በ(2፣ 0) እና በ(0፣ −3) ያልፋል፤ መስመሩ የተቆራረጠ ነው። (0፣ 0)ን ሞክሪ፤ 0 > 6 ሐሰት ነው። (0፣ 0) ያለው ከመስመሩ በላይ ነው፤ ስለዚህ የሚጠቁረው የታችኛው ነው። «ቀ»ን ለብቻው ብታወጪውም ያው ይመጣል፦ −2ቀ > 6 − 3ሸ፣ ለ−2 ስናካፍል ምልክቱ ይገለበጣል፣ ቀ < 1.5ሸ − 3። መገልበጡ እዚህም ተከትሎን መጣ።

መስመሩ በራሱ በ(0፣ 0) ካለፈ፣ እንደ ቀ > 2ሸ፣ ያ ነጥብ ድንበሩ ላይ ስለሆነ ምንም አይነግርሽም። ሌላ ውሰጂ። (1፣ 0) ብትሞክሪ 0 > 2 ይመጣል፣ ሐሰት ነው፣ በተቃራኒው ወገን አጥቁሪ።

ሰፊዋ የጨርቅ ብቻ ሳይሆን የሰዓት ገደብም ቢኖርባት ሁለት ያለእኩልነት ይኖርሻል። ሁለቱን በአንድ ግራፍ ላይ ታጠቁሪና ሁለቱም የተደራረቡበትን ቦታ ትወስጃለሽ። ሶቪየታዊው ሊዮኒድ ካንቶሮቪች እ.ኤ.አ. በ1939 የኮምፔንሳቶ ፋብሪካ ማሽኖችን ሥራ እንዴት ማከፋፈል እንደሚሻል ሲሠራ የገጠመው እንዲህ ያለ ባለ ብዙ ገደብ ጥያቄ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ዳንትዚግ በ1947 ብዙ ፊደልና ብዙ ገደብ ላለበት የሚሆን ዘዴ አወጣ። ካንቶሮቪች በ1975 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ዛሬ አየር መንገዶች ሠራተኞቻቸውን ሲመድቡ የሚጠቀሙበት ስሌት መነሻው ይኸው ነው። አንቺ እያጠቆርሽው ያለው ወገን ለዚያ ሥራ የመጀመሪያው ገጽ ነው፤ ለዚህ ነው በደንብ እንድትይዢው የምፈልገው።

አልፎ አልፎ ሀ ተሰርዞ ይጠፋል። 2(ሀ + 3) > 2ሀ + 1 ስትፈቺ 6 > 1 ይቀርሻል። ይህ ሁሌም እውነት ስለሆነ መልሱ ሁሉም ቁጥር ነው፤ መስመሩን በሙሉ አድምቂ። 2ሀ + 5 < 2ሀ ላይ ደግሞ 5 < 0 ይቀራል፤ መቼም እውነት ስለማይሆን መልስ የለውም። ምንም አትሥዪ። ሁለቱም ትክክለኛ መልሶች ናቸው፣ የሆነ ነገር የተበላሸ እንዳይመስልሽ።

ሦስት መለማመጃ ልስጥሽ። አንደኛ፣ 7 − 4ሀ < 23። ሁለተኛ፣ 2(ሀ − 1) ≥ 5ሀ + 10። ሦስተኛ፣ ሸ − 2ቀ ≤ 4። እያንዳንዱን ከፈታሽ በኋላ፣ የኔን መልስ ከማየትሽ በፊት፣ የድንበሩን ፈተናና የአቅጣጫውን ፈተና አድርጊ።

የመጀመሪያው ሀ > −4 ነው፤ ክቡ ባዶ፣ ወደ ቀኝ ይደምቃል። ሁለተኛው ሀ ≤ −4 ነው፤ ክቡ የተሞላ፣ ወደ ግራ። ድንበራቸው አንድ ቁጥር ነው፣ አብረው ቢሣሉ ግን የትም አይደራረቡም። የሦስተኛው መስመር ያልተቋረጠ ሆኖ በ(4፣ 0) እና በ(0፣ −2) ያልፋል፤ 0 ≤ 4 እውነት ስለሆነ የሚጠቁረው (0፣ 0) ያለበት፣ ማለትም ከመስመሩ በላይ ያለው ወገን ነው። ካልገጠመልሽ የሠራሽውን ከነመስመሮቹ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ የቱ ጋ እንደተለየ አብረን እናየዋለን።